ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ቢሮው ውስጥ ማን አለ?

ሐዋሳ ውስጥ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። ስሙ ይቅር። ክረምት ነበር። የልደት ማስረጃ ላወጣ በጠዋት ስሄድ በሩ ላይ ሰው ተኮልኩሎ አገኘሁ። ውስጥ ሠራተኞቹ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ፋይል ያወጣሉ። ሌሊት የጣለው ዝናብ መዝገብ ቤት ገብቶ የታችኛውን መደርደሪያ በሙሉ አርሶታል። የራሱት ማህደሮች ፀሐይ እንዲያገኛቸው በረንዳው ላይ እንደ በርበሬ ተሰጥተዋል። አንዳንዱ ላይ ቀለሙ ፈሶ የሰው ስም አይነበብም።

አጠገቤ አንድ አዛውንት የጥበቃ ሠራተኛ ቆመዋል።

«አባባ፣ ሌሊት ተረኛው እርስዎ ነበሩ?» አልኳቸው።

«እኔ ነበርኩ ልጄ። ሰባት ሰዓት ገደማ ውሃው ሲገባ ሰማሁት። ቁልፉ ግን እኔ ጋ አይደለም። ደወልኩ፤ አይነሳም። ሌላ የማን ስልክ አለኝ? ቆሜ አየሁት።»

«ቆሜ አየሁት» ያሉት ነገር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ስለ ቀውስ ዝግጁነት ሲወራ የምንሰማው ስለ ኮሚቴ፣ ስለ ዕቅድ፣ ስለ በጀት ነው። እነዚህ አያስፈልጉም አልልም። ግን አንድ መሥሪያ ቤት ዝግጁ መሆኑን ማወቅ ከፈለጋችሁ ዕቅዱን አትጠይቁ። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ እዚያ ያለው ሰው ምን ማድረግ እንደሚችል ጠይቁ። ዛሬ የማብራራው ይህንኑ ነው።

አደጋና ቀውስ አንድ አይደሉም

ዝናብ ሐዋሳ ላይ አዲስ ነገር አይደለም። በየክረምቱ ይመጣል። ዝናብ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ እሳት፣ ወረርሽኝ፣ የመብራት መጥፋት፣ እነዚህ ሁሉ የአደጋ መንስኤዎች ናቸው። መንስኤው ብቻውን ግን ጉዳት አያመጣም። ጉዳት የሚደርሰው ተጋላጭነት ሲያገኝ ነው። ፋይሉ ወለል ላይ መቀመጡ ተጋላጭነት ነው። ከመስኮቱ ሥር ያለው ቦይ በፌስታል መደፈኑም እንዲሁ። ሁለቱ ሲገናኙ አደጋ ይሆናል።

ቀውስ የምንለው ከዚያ የሚቀጥለውን ነው። መሥሪያ ቤቱ በተለመደው አሠራሩ ነገሩን ሊወጣው ሲያቅተው፣ ጊዜ ሲያጥር፣ ማን ምን እንደሚወስን ሲጠፋ፣ ያኔ ቀውስ ገባ ይባላል። በዚያ ሌሊት አደጋው ዝናቡ ያመጣው ጎርፍ ነው። ቀውሱ የቁልፉ ጉዳይ ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ዝናቡን ማንም አያስቆመውም። ፋይሉን ከወለል ከፍ ማድረግ ግን የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ለተረኛ ጥበቃ ቁልፍና ሦስት ስልክ ቁጥር መስጠት ደግሞ ምንም ብር አይጠይቅም። «ሳይቃጠል በቅጠል» የምንለው ይህንን ነው።

ሐዋሳ የተማረችው

ጥር 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ሐዋሳ ተንቀጠቀጠች። መጠኑ 4.3 ነበር። በመሬት መንቀጥቀጥ ልኬት ይህ ቀላል ከሚባሉት ነው። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግን በርካታ ተማሪዎች ተጎዱ። ጉዳቱ የመጣው በአብዛኛው ከሚወድቅ ግድግዳ አልነበረም። ልጆቹ ደንግጠው ሲሮጡ፣ ሲገፋፉ፣ ከፎቅ ሲዘሉ ነው የተጎዱት።

በእነዚያ ልጆች አልፈርድም። እኔም ብሆን እሮጥ ነበር። ሰው በደነገጠ ሰዓት አዲስ ነገር አያስብም። ቀድሞ የለመደውን ያደርጋል፤ የለመደው ነገር ከሌለ ይሮጣል። መሬት ሲንቀጠቀጥ ሕንፃ ውስጥ ያለ ሰው ማድረግ ያለበት አጭር ነው። ዝቅ ማለት፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር መግባት፣ ንቅናቄው እስኪቆም የጠረጴዛውን እግር አጥብቆ መያዝ። ከዚያ በደረጃ መውጣት። ይህን ለመማር አሥር ደቂቃ ይበቃል። ዋናው ግን ከመንቀጥቀጡ በፊት በአካል ተደርጎ መታየቱ ነው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ብቻ በቂ አይደለም።

ከተማችን የቆመችው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። ሐይቁ ራሱ ያረፈው በጥንት እሳተ ገሞራ ጎድጓዳ ላይ ነው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲንቀጠቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነስተዋል። ስለዚህ ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚህም የከበደ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ የመሬት መንሸራተት ደረሰ። ጎረቤት እንደ ባሕላችን ተጠራርቶ፣ የተቀበሩትን ሊያወጣ ተሰበሰበ። እነሱ ሲቆፍሩ ሌላ ናዳ መጣባቸው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ከሟቾቹ ብዙዎቹ ለመርዳት የመጡ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማር። ለወገን መድረስ ክቡር ነገር ነው። የሚረዳውን ሰው በሕይወት ማቆየት ግን የአደጋ ምላሽ የመጀመሪያ ሕግ ነው። ሁሉም ሲቆፍር አንድ ሰው ቆሞ ተራራውን ማየት አለበት። «ውጡ!» የማለት ሥልጣንም ሊኖረው ይገባል። የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ሕንፃ ውስጥ ሲገቡ እንዲህ ውጭ ሆኖ የሚጠብቃቸው ሰው ይኖራል።

እያሳሳቀ የሚመጣው

ሁሉም ቀውስ በድንገት አይመጣም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ አለ።

ፍቅር ሐይቅ ዳር ስንንሸራሸር የምንረግጠው ግድብ ለሽርሽር የተሠራ አይደለም። ሐይቁ ሞልቶ ወደ ከተማው እንዳይገባ ነው። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባለታል፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ከላይ ከእርሻውና ከተራቆተው መሬት የሚታጠበው ደለል ሁሉ እዚያው ይቀራል። ወለሉ በደለል ሲሞላ ውሃው ከፍ ይላል። ይህ የሚሆነው በአንድ ሌሊት አይደለም፤ በዓመታት ነው። ለዚህም ነው የሚረሳው።

እንዲህ ላለው ቀውስ መድኃኒቱ አስቀድሞ የተስማሙበት መስመር ነው። «ውሃው እዚህ ምልክት ላይ ሲደርስ ይህን እናደርጋለን» ተብሎ በደህናው ቀን ይጻፋል። ምልክቱ ሲነካ ስብሰባ አይጠራም፤ ሥራው ይጀመራል። መስመሩ ካልተጻፈ ሁልጊዜ «እስቲ ትንሽ እንየው» የሚል ሰው አይጠፋም።

አገራችን ይህን በመራራ መንገድ ነው የተማረችው። ከወሎው ረሃብ በኋላ በ1966 ዓ.ም. የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1976 ዓ.ም.፣ ኮሚሽኑ ሌላ ረሃብ እየመጣ መሆኑን አስታውቆ እርዳታ ጠይቋል። ማስጠንቀቂያው ነበረ። የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በዓል ግን ተከበረ፤ ለጋሾችም ዘገዩ፤ ሰው አለቀ። መረጃ አልጎደለም። የጎደለው መረጃው ሲመጣ ግድ የሚንቀሳቀስ እጅ ነው። የዛሬው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ስሙ ራሱ ይህን ለውጥ ያሳያል። ቀድሞ ስሙ «እርዳታ» ነበር፤ አሁን «ስጋት» ነው። በስጋት ላይ መሥራት ማለት ገና ላልደረሰው ነገር ቀድሞ መሥራት ነው።

«ማህተሙ ያለው ሰው የለም»

አሁን ወደ ቢሮ እንመለስ። ሁላችንም የምናውቀው ቀውስ አለ። «ሲስተም የለም።» «ኃላፊው ሥልጠና ላይ ናቸው።» «ማህተሙ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ቁልፉን ይዛ ሄዳለች።» እነዚህን ከልምዳችን የተነሳ እንደ ተራ ነገር እናያቸዋለን። ተራ አይደሉም። በደህና ቀን በአንድ ሰው መቅረት የሚቆም መሥሪያ ቤት በክፉ ቀን መቆሙ አያጠራጥርም።

ባለሙያዎች ይህን ክፍል የሥራ ቀጣይነት ይሉታል። ጥያቄው ቀላል ነው። ሕንፃው ቢዘጋ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ኃላፊው ባይኖር፣ የትኛው ሥራችን ፈጽሞ መቋረጥ የለበትም? ሁሉም አገልግሎት እኩል አይደለም። መታወቂያ ማደስ ሳምንት ቢዘገይ ሰው ያዝናል እንጂ አይሞትም። የአምቡላንስ ስምሪት አንድ ሰዓት ሊቆም አይችልም። የመጠጥ ውሃ አንድ ቀን ይታገሳል፤ ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ሰው ያገኘውን ይጠጣል፣ በሽታም ይከተላል። እያንዳንዱ ክፍል ሥራውን በሰዓት መመዘን አለበት። ይህ ስንት ሰዓት ቢቆም ሰው ይጎዳል? መልሱ ሲገኝ ጄኔሬተሩ ለማን እንደሚበራ፣ ነዳጁ ለየትኛው መኪና እንደሚሄድ ሳይጨቃጨቁ ይታወቃል።

ቀጥሎ ውክልና ነው። እዚህ ላይ ልጠንክር። በየቢሮው ውክልና አለ ይባላል፤ ብዙውን ጊዜ ግን «እኔ በሌለሁበት እንዲያስተባብሩ» የሚል አንድ መስመር ደብዳቤ ነው። ማስተባበር ምን ማለት ነው? መኪና መከራየት ይችላል? እስከ ስንት ብር? ሠራተኛ ከቤቱ መጥራት ይችላል? ለሕዝብ መግለጫ መስጠት ይችላል? ይህ በግልጽ ካልተጻፈ ተወካዩ ስልክ እየደወለ ሰዓቱን ያባክናል። ስህተት ቢሠራ ነገ እንደሚጠየቅ ያውቃል፤ ዝም ቢል ግን ማንም አይጠይቀውም። ስለዚህ ዝም ይላል። ይህ የፍርሃት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአሠራር ጉዳይ ነው። ተወካዩም አንድ ብቻ መሆን የለበትም። ቢያንስ ሦስት ሰው በቅደም ተከተል መጻፍ አለበት። የመጨረሻው ተወካይ፣ ሌሊት እዚያ ያለው ተረኛ ነው። እሱም የራሱ ትንሽ ሥልጣን ይኑረው፤ በር መክፈት፣ መብራት ማጥፋት፣ እሳት አደጋ መጥራት።

ሌላው መዝገብ ነው። የመሬት ካርታ፣ የልደትና የሞት ምዝገባ፣ የጡረታ ማህደር፣ እነዚህ ከጠፉ ሰው መብቱን ያጣል። ዓለም ላይ የሚሠራበት ቀላል ልክ አለ። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከሕንፃው ውጪ። ኮምፒውተሩ አጠገብ መሳቢያ ውስጥ ያለ ሃርድ ዲስክ መጠባበቂያ ሊባል አይችልም። እሳቱ ሁለቱንም አንድ ላይ ይወስዳቸዋል።

መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ደንበኞች ሒሳባቸው ላይ ካለው በላይ ማውጣት ቻሉ። ወሬው በተማሪዎች መካከል በስልክ ተሠራጨ፤ ኤቲኤም ላይ ሰልፍ ሆነ። ባንኩ በኋላ የሳይበር ጥቃት እንዳልነበረ፣ በሲስተም ማሻሻያ ሥራ ወቅት የተፈጠረ ችግር እንደሆነ ገለጸ። ያም የሆነው ሌሊት ነው። ቀውስ የሥራ ሰዓት አይጠብቅም። ወሬ ደግሞ ከተረኛው ሠራተኛ ቀድሞ ይደርሳል።

አንድ ሥራ፣ አንድ አዛዥ

በ1970 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ከባድ የሰደድ እሳት ተነሳ። እሳቱን ለማጥፋት የመጡት መሥሪያ ቤቶች ብዙ ነበሩ። ሬዲዮአቸው አይገናኝም፤ ለአንድ ነገር የተለያየ ስም ይጠቀማሉ፤ ሁሉም የየራሱን አለቃ ይሰማል። ከዚያ ውድቀት የአደጋ ዕዝ ሥርዓት የሚባለው ተወለደ። ዛሬ ብዙ አገሮች ይጠቀሙበታል። እኛም አገር የጤና ድንገተኛ አደጋ ማዕከላት የሚሠሩት በዚህ ዓይነት አደረጃጀት ነው፤ በኮቪድ ጊዜ አይተነዋል።

ሐሳቡ እንዲህ ነው። ለአንድ ክስተት አንድ አዛዥ ይኖራል። እያንዳንዱ ሰው የሚታዘዘው ለአንድ ሰው ብቻ ነው። አንድ ሰው ከሦስት እስከ ሰባት ሰው ብቻ ይመራል፤ ከዚያ በላይ በድንጋጤ ሰዓት መምራት አይቻልም። ከአዛዡ ሥር ሥራው ይከፋፈላል። አንዱ መስክ ላይ ይሠራል፣ አንዱ ቀጣዩን ሰዓት ያቅዳል፣ አንዱ ዕቃና ምግብ ያቀርባል፣ አንዱ ብሩን ይመዘግባል።

እኛ አገር የሚከብደው ነጥብ ይህ ነው። አዛዡ የግድ ትልቁ ባለሥልጣን አይደለም። የውሃ ቱቦ ሲፈነዳ ቱቦውን የሚያውቀው ቴክኒሻን ሊያዝዝ ይችላል። ኃላፊው መጥቶ «ምን ልርዳህ?» ማለት አለበት። ትልቅ ሰው ሲመጣ ሥራ ቆሞ ማብራሪያ ሲሰጥ አይቻለሁ። አክብሮታችን መልካም ነው፤ እወደዋለሁ። በእንዲህ ያለው ሰዓት ግን አክብሮት ሰውየውን ከሥራው አለማስነሳት ነው።

ለሕዝቡ ምን ይባላል?

መሥሪያ ቤቶች በቀውስ ጊዜ ከሚሠሩት ስህተት የሚበዛው ዝምታ ነው። «ተጣርቶ ይገለጻል» ይባላል፤ ሁለት ቀን ያልፋል። በዚያ መሃል ቴሌግራምና ቲክቶክ ክፍተቱን ይሞሉታል። ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ ማንንም አያድንም።

ጥሩ መልእክት አራት ነገር አለው። ያወቅነው፣ ገና ያላወቅነው፣ እያደረግን ያለነው፣ ቀጥሎ የምንናገርበት ሰዓት። ውሃ ተቋረጠ እንበል። እንዲህ ይጻፋል፦

«ዛሬ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ በታቦርና በመናኸሪያ ክፍለ ከተሞች ውሃ ተቋርጧል። ምክንያቱ የዋና መስመር መሰበር ነው። ጥገናው መቼ እንደሚያልቅ ገና አላወቅንም። ሠራተኞቻችን ቦታው ላይ ናቸው። ቦቴ ከቀኑ 6 ሰዓት ጀምሮ ትምህርት ቤቶቹ በር ላይ ይቆማል። ያከማቻችሁትን ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ። ከቀኑ 9 ሰዓት እንደገና እንነግራችኋለን።»

«ገና አላወቅንም» የሚለው ቃል ብዙ ኃላፊ ያስፈራዋል። ሰው ግን በዚህ አይናደድም። የሚናደደው ሲዋሽ ነው። በ9 ሰዓት እንነግራችኋለን ካላችሁ ግን በ9 ሰዓት ተናገሩ፤ አዲስ ነገር ባይኖር እንኳ «አዲስ ነገር የለም» በሉ። እንዲሁም ሐዋሳ ላይ መልእክቱ በአማርኛ ብቻ አይበቃም። በሲዳምኛ ያስፈልጋል፤ ወላይትኛ የሚናገር ብዙ ነዋሪም አለ። ስማርት ስልክ የሌላት ጉልት ላይ የምትቸረችር እናትም አለች። ለእሷ የሚደርሰው በድምፅ ማጉያ ወይም በእድር ለፋፊ ነው።

ሁለት ሰዓትና ቡና

ዕቅድ ካልተሞከረ ወረቀት ነው። መሞከር ግን የግድ መኪና ማንጋጋት አይደለም። የጠረጴዛ ልምምድ የሚባል አለ። ስምንት አሥር ሰው ይቀመጣል፤ ጥበቃውና የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋም ይኖሩበታል። ቡና ይፈላል። አንድ ሰው ታሪክ ያነባል።

«ታኅሣሥ 18 ነው። ነገ የገብርኤል ንግሥ ነው፤ ከተማው በእንግዳ ሞልቷል። ከምሽቱ 3 ሰዓት መብራት ጠፋ። ምን ታደርጋላችሁ?» ሰው ይመልሳል። ከዚያ አንባቢው ይጨምራል። «የኃላፊው ስልክ ዝግ ነው።» ይመልሳሉ። «ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም።» «አንድ ጋዜጠኛ ደውሏል።» «የምትፈልጉት ቁልፍ ይርጋለም የሄደ ሰው ኪስ ውስጥ ነው።»

በሁለት ሰዓት ውስጥ የማይሠራ ስልክ ቁጥር፣ ጡረታ የወጣ የኮሚቴ አባል፣ ማንም የማያውቀው የእሳት ማጥፊያ ይገኛል። ይህ ሁሉ የሚገኘው ማንም ሳይጎዳ ነው። መጨረሻ ላይ አራት ጥያቄ ይጠየቃል። ምን መሆን ነበረበት? ምን ሆነ? ለምን ተለያዩ? ማን፣ እስከ መቼ ያስተካክለዋል? ከእውነተኛ አደጋ በኋላም የሚጠየቁት እነዚሁ ናቸው። ጥፋተኛ ፍለጋ ከተጀመረ ግን ሰው እውነቱን አይናገርም፤ ልምምዱም ትርጉም ያጣል።

ያ የልደት ማስረጃ በመጨረሻ ወጣልኝ። ለመውሰድ ስሄድ መዝገብ ቤቱን በመስኮት አየሁት። የታችኛው መደርደሪያ ባዶ ነው፤ ፋይሉ ሁሉ ሁለት ክንድ ያህል ከፍ ብሏል። ቦዩም ተጠርጓል። አባባን ሰላም ብዬ ስለ ቁልፉ ጠየቅኳቸው።

«ገና ነው ልጄ» አሉኝ። «ስልኩን ግን ሰጥተውኛል። የሦስት ሰው።» ከደረት ኪሳቸው በፕላስቲክ የተጠቀለለች ወረቀት አውጥተው አሳዩኝ።